የአሮጌ ዴስክቶፕ ሃርድ ዲስክ ሲደክም በምን ይተካ? ከደሴ እስከ ቆቦ ላሉ ጽሕፈት ቤቶችና ቢሮዎች የንጽጽር መመሪያ

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ፣ በወልድያም ሆነ በሐይቅ፣ ዛሬም በዊንዶውስ ኤክስፒ እንጀራ የሚበላባቸው ዴስክቶፖች አሉ። ባለቤቶቻቸው ያልጣሏቸው በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው። አንዱ ላይ በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የዓመታት ውልና ማመልከቻ አለ፤ ሌላው የሱቁን ሒሳብ በፒችትሪ ይዟል፤ ሦስተኛው በፓራለል ኬብል ካልሆነ የማይታዘዝ የኤፕሰን ዶት ማትሪክስ ፕሪንተር ያሠራል። የመጫኛ ሲዲው ከጠፋ ቆይቷል። ማዘርቦርዱና ፕሮሰሰሩ ገና ጤነኛ ሆነው ሳለ ሃርድ ዲስኩ መንቀራፈፍ፣ መንቋቋት፣ በመጨረሻም አለመነሳት ይጀምራል።

አቋማችንን ከፊት እናስቀምጥ። ማዘርቦርዱ አይዲኢ (በሰፊ ኬብል የሚሠራው የቆየው የዲስክ መስመር) ብቻ ያለውና ኤክስፒ የተጫነበት ከሆነ፣ የምንመክረው 120 ወይም 128 ጊጋባይት ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ከሳታ ወደ አይዲኢ መቀየሪያ ጋር ነው። ሳታ (በቀጭን ኬብል የሚሠራው አዲሱ መስመር) ካለው ኤስኤስዲው በቀጥታ ይሰካ። በዊንዶውስ 98 ወይም በዶስ ለሚሠራ ማሽን ኮምፓክት ፍላሽ የሚባለው የማስታወሻ ካርድ ይሻላል። ያገለገለ አይዲኢ ሃርድ ዲስክ ገዝቶ መተካት ግን ችግሩን ለሌላ ቀን ማቆየት ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲታጣ ብቻ የሚኬድበት መንገድ ነው።

እዚህ ላይ የደረስነው ፈጣኑ የቱ ነው ብለን አይደለም። ማዘርቦርዱ ምን ይቀበላል? መብራት ድንገት ሲሄድ ዕቃው ምን ይሆናል? ነገ ቢበላሽ ምትኩን እዚሁ ከተማ ማግኘት ይቻላል? ለወሎ ተጠቃሚ ከፍጥነት ይልቅ እነዚህ ሦስቱ ይበልጣሉ።

እውነት ዲስኩ ነው?

ማሽን በሰማያዊ ስክሪን ቆመ ማለት ሁልጊዜ ጥፋቱ የዲስኩ ነው ማለት አይደለም። ሃርድ ዲስክ ስማርት የሚባል የራሱ የጤና መዝገብ አለው፤ በክሪስታልዲስክኢንፎ ወይም ሊነክስ ከሚነሳበት ፍላሽ በስማርትሲቲኤል ይነበባል። አራት ቁጥሮችን ይፈልጉ። 5 የሚለው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን (የዲስኩን ትናንሽ የመጻፊያ ክፍሎች) ይቆጥራል። 197 ማንበብ ያቃታቸውንና ውሳኔ የሚጠብቁትን፣ 198 ደግሞ ጨርሶ ያልተነበቡትን ያሳያል። እነዚህ ሦስቱ ከዜሮ በላይ ሆነው በየቀኑ የሚጨምሩ ከሆነ ዲስኩ እየሄደ ነው። አራተኛው 199 ነው፤ እሱ ብቻውን ከጨመረ ጥፋቱ የኬብሉ ወይም የማገናኛው ነው፣ ዲስክ መግዛት አያስፈልግም። አንዳንድ ፕሮግራም ቁጥሮቹን 05፣ ሲ5፣ ሲ6 እና ሲ7 ብሎ ይጽፋቸዋል፤ ያው ናቸው።

በደሴ ክረምት፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉሙና እርጥበቱ የአይዲኢ ፒኖችን ያደበዝዛቸዋል። ኬብሉን ነቅሎ ፒኖቹን በአይሶፕሮፒል አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፣ ከዚያ ባለ 80 ሽቦ አዲስ ኬብል መሞከር ከሁሉ የረከሰ ጥገና ነው።

ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን ይለኩ። ማሽኑ እየሠራ ሳለ በባለ አራት ቀዳዳው ሶኬት ላይ ቀዩ ሽቦ ከጥቁሩ አንጻር ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት፣ ቢጫው ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት ማሳየት አለበት። ከዚህ ከወረደ አዲሱ ዲስክም አይበረክትም። ማዘርቦርዱ ላይ ሲሊንደር የሚመስሉት ካፓሲተሮች አናታቸው ካበጠ ወይም ቡናማ ነገር ካንጠባጠቡ፣ ለዲስክ ብር ከማውጣት በፊት ቆም ይበሉ፤ የዴል ኦፕቲፕሌክስ ጂኤክስ270 በዚህ በሽታ የታወቀ ነው። ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ከገዙ ደግሞ ከኋላው ያለውን ትንሽ ቀይ ማብሪያ ይመልከቱ። 115 ላይ ተቀምጦ ወደኛ 220 ቮልት ከተሰካ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ይፈነዳል፤ 230 ላይ መሆን አለበት።

ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ከቆመ ማንበቢያ ራሱ ተጎድቷል። ደጋግሞ ማብራት ሳህኑን ይቧጭራል። ሰነዱ ውድ ከሆነ ያጥፉትና አይንኩት።

ማዘርቦርዱ ምን ይቀበላል?

መያዣውን ከፍተው ይመልከቱ። ሰፊ፣ ጠፍጣፋ፣ ባለ 40 ፒን ኬብል ብቻ ካለ አይዲኢ ነው። ጣት የምታክል ቀጭን ኬብል የሚገባበት ኤል ቅርጽ ያለው ማገናኛ ካለ ሳታ ነው። የዴል ጂኤክስ260 አይዲኢ ብቻ ሲሆን ጂኤክስ270 ሁለቱንም ይዟል። ብዙ ሰው ሳታ እያለለት አሮጌው ዲስክ አይዲኢ ስለሆነ ብቻ መቀየሪያ ይገዛል።

የመጠን ገደብም አለ፤ እዚህ ላይ የሚሳሳተው ብዙ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የነበሩ ባዮሶች፣ ማለትም ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠሩት የማዘርቦርድ ፕሮግራሞች፣ ከ504 ሜጋባይት በላይ አያዩም። ቀጥለው የመጡት በ8.4 ጊጋባይት ያቆማሉ። ከ1999 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠሩ ብዙ የአዋርድ ባዮሶች ከ33.8 ጊጋባይት በላይ የሆነ ዲስክ ሲያዩ ገና በማብሪያው ላይ ደርቀው ይቀራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው ግድግዳ 137 ጊጋባይት ነው። ኤክስፒም ሰርቪስ ፓክ 1 ካልተጫነበት ከ137 በላይ አያይም፤ አለፍ ብሎ ከጻፈ የፊተኛውን ፋይል ያጠፋል። 120 ጊጋባይት የምንመክረው ለዚህ ነው፤ ከግድግዳው በታች ነው። 240 ገዝቶ ግማሹን ጥሎ መኖር ትርፉ ድካም ነው።

ኤስኤስዲ ከመቀየሪያ ጋር

አብዛኛው የወሎ ጽሕፈት ቤት ሊሄድበት የሚገባው መንገድ ይህ ስለሆነ እዚህ ላይ ረዘም እንላለን።

መጀመሪያ ስለ መቀየሪያው። ሁለት ዓይነት አለ፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ሥራቸው ግን ተቃራኒ ነው። አንደኛው የሳታ ዲስክን ለአይዲኢ ማዘርቦርድ ያስማማል፤ ሌላው የአይዲኢ ዲስክን ለሳታ ማዘርቦርድ። እርስዎ የሚፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። ጄኤም20330 የሚል ቺፕ ያለባቸው አንዳንዶቹ በጃምፐር (ፒኖች ላይ በምትሰካ ትንሽ ማገናኛ) ወደ ሁለቱም አቅጣጫ ይሠራሉ፤ ጃምፐሩ በተሳሳተ ጎን ከሆነ ባዮስ ምንም አያይም፣ ሰውም ኤስኤስዲው ሞቷል ብሎ ይመልሰዋል። ከመመለስዎ በፊት ጃምፐሩን ያዙሩ።

መቀየሪያውን ማስተር (የመስመሩ ዋና ዕቃ) አድርገው በኬብሉ ላይ ብቻውን ይስቀሉት። ሲዲ ድራይቩ ወደ ሁለተኛው የአይዲኢ መስመር ይሂድ። ብዙዎቹ መቀየሪያዎች ከሌላ ዕቃ ጋር አንድ ኬብል ሲጋሩ ይጠፋሉ ወይም ውሂብ ያበላሻሉ። ባለ 80 ሽቦው ኬብል ሰማያዊ ጫፉ ወደ ማዘርቦርድ፣ ጥቁሩ ወደ መቀየሪያው ነው፤ መሃል ያለው ግራጫ ባዶ ይቅር። በአሮጌው ባለ 40 ሽቦ ኬብል ከሰቀሉት ፍጥነቱ በሰከንድ 33 ሜጋባይት ላይ ይቆማል።

ኤስኤስዲው ኃይል የሚወስደው ከ5 ቮልቱ ነው። ከባለ አራት ቀዳዳው ወደ ሳታ የሚቀይር የኃይል ገመድ ሲገዙ ጫፉን በደንብ ይዩት። ፕላስቲኩ በሽቦዎቹ ላይ ቀልጦ የተጣለበት ዓይነት ውስጥ ሽቦዎቹ እየተጠጋጉ ሾርት ያደርጋሉ፤ የዲስክ ብቻ ሳይሆን የቤት ቃጠሎም ያመጣል። ሽቦው አንድ በአንድ ተጨምቆ የገባበትን፣ ክዳኑ የሚከፈተውን ይምረጡ። ብሎኑም ሌላ ነው፦ የአሮጌው ሃርድ ዲስክ ብሎን ወፍራም ጥርስ ያለው ሲሆን ኤስኤስዲው ኤም3 የሚባለውን ቀጭኑን ይፈልጋል። በካቻቢቴ እየገፉ ካስገቡት የኤስኤስዲውን ጥርስ ይበላዋል። ማሰሪያ ብሬኬት ካጡ ባለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ይበቃል፤ የሚንቀጠቀጥ ነገር የለውም።

ስለ መብራት መቆራረጥ ግን አንሸፋፍንም። ርካሽ ኤስኤስዲ የትኛው ውሂብ የት እንዳለ የሚመዘግብ ሰንጠረዥ አለው፤ እሱን እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ሰንጠረዡ ሊበላሽና ዲስኩ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ሃርድ ዲስክ በመብራት ብልሽት ቀስ በቀስ ይጎዳል፣ ኤስኤስዲ ሲሞት ግን ምልክት ሳይሰጥ ነው። ስለዚህ ይህን መንገድ የመረጠ ሰው ባለ 650 ቪኤ ዩፒኤስ አብሮ ይያዝ። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚሰጠው፤ ፋይል ለማስቀመጥና ማሽኑን ለመዝጋት ይበቃል። ባትሪው የደከመ ዩፒኤስ እንደሌለ ይቆጠራል፤ በየጊዜው ከግድግዳው ነቅሎ መሞከር ነው።

ኤክስፒ ትሪም የሚባለውን የማጽጃ ትእዛዝ አያውቅም፤ ብዙዎቹ መቀየሪያዎችም አያሳልፉትም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከ120 ጊጋባይቱ ውስጥ 95 ወይም 100ውን ብቻ ክፍልፋይ (ፓርቲሽን) አድርገው ቀሪውን ከመጀመሪያው ሳይነኩ ይተዉት። ኤስኤስዲው በዚያ ባዶ ቦታ ራሱን ያስተካክላል። አሮጌው ዲስክ 40 ጊጋባይት ከሆነማ ኮፒውን ሳያሰፉ መተው ብቻ ነው።

ሳታ ያላቸው ማሽኖች

እዚህ ሥራው አጭር ነው፤ ሁለት ወጥመድ ብቻ አለው። ኤክስፒ የኤኤችሲአይ (የአዲሱ የሳታ አሠራር) ሾፌር በውስጡ የለውም። ባዮስ ውስጥ የሳታው አሠራር አይዲኢ ወይም ኮምፓቲብል ተብሎ ካልተቀመጠ፣ መጨረሻው 7ቢ የሆነ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል። የባዮስ ባትሪው ከሞተ ደግሞ ይህ ቅንብር መብራት በሄደ ቁጥር ይጠፋል፤ መያዣውን ከከፈቱ አይቀር ባለ 3 ቮልቱን ሲአር2032 ባትሪ ይቀይሩት።

ሁለተኛው ቪአይኤ ቪቲ8237 ወይም ቪቲ8237አር ቺፕ ያላቸው ማዘርቦርዶች ናቸው። የሳታ መስመራቸው 1.5 ጊጋቢት ሲሆን ከአዲስ ዲስክ ጋር ፍጥነት መደራደር አይችሉም። ሃርድ ዲስክ በጃምፐር ወደ 1.5 ይወርዳል፤ ኤስኤስዲ ግን ይህ ጃምፐር የለውም። እንዲህ ያለ ቦርድ ላይ ወይ አይዲኢ መስመሩን ከመቀየሪያ ጋር መጠቀም፣ ወይ ሲሊከን ኢሜጅ 3112 ቺፕ ያለው የፒሲአይ ሳታ ካርድ መሰካት ነው። ካርዱን የመረጠ ሰው ሾፌሩን በአሮጌው ዲስክ ገና እየተነሳ ሳለ ይጫን፤ አስቀድሞ ካልተጫነ ኮፒው በዚያው 7ቢ ይቆማል።

ኮምፓክት ፍላሽና ኤስዲ

ኮምፓክት ፍላሽ ራሱ የአይዲኢን ቋንቋ የሚናገር ካርድ ነው። አስማሚው ፒን ከፒን ከማገናኘት የዘለለ ሥራ ስለሌለው ርካሽና የማይበላሽ ነው። ለፔንቲየም 1፣ 2 እና 3 ማሽኖች ከዚህ የሚስማማ የለም። ባዮሱ በ8.4 ጊጋባይት ለሚያቆም 4 ወይም 8 ጊጋባይት ካርድ፣ በ33.8 ለሚያቆም 16 ወይም 32 ይያዙ። በዶስና ፋት16 በሚባለው የቆየ የፋይል አደረጃጀት አንድ ክፍልፋይ ከ2 ጊጋባይት እንደማይበልጥ ያስታውሱ።

ለኤክስፒ ግን አንቸኩልም። የካሜራ ካርዶች ራሳቸውን ተነቃይ ብለው ያስተዋውቃሉ፤ ኤክስፒ በተነቃይ ላይ የማህደረ ትውስታ ፋይሉን (ፔጅ ፋይል) አያስቀምጥም፣ ከአንድ በላይ ክፍልፋይም አይቀበልም። ኢንዱስትሪያል የሚባሉት ካርዶች ቋሚ ሆነው ይታያሉ፤ ነገር ግን በየኮምፒውተር ሱቁ የሚሰቀል ዕቃ አይደሉም። አንዳንድ አስማሚ ደግሞ ዲኤምኤ የሚባለው ፈጣን አሠራር መስመሮቹ ስላልተዘረጉ ማሽኑ ፒአይኦ በሚባለው ቀርፋፋ አሠራር ይሄዳል ወይም ዊንዶውስ ሲነሳ ይደርቃል።

የኤስዲ አስማሚ፣ ብዙ ጊዜ ኤፍሲ1307ኤ ቺፕ ያለው፣ ለዊንዶውስ 98ና ለዶስ ይሆናል። ካርዱ በየሱቁ አለ፤ ይህ ትልቅ ጥቅሙ ነው። በኤክስፒ ላይ ግን ትናንሽ ጽሑፎችን እየበተነ ስለሚጽፍ ማሽኑ በየደቂቃው ቆም ቆም ይላል፤ ፒችትሪ ለሚሠራበት ማሽን አንመክርም። ሐሰተኛ ካርድም አለ፦ 64 የተጻፈበት ውስጡ 8 ይሆናል። ከመጫንዎ በፊት በኤች2ቴስትደብልዩ ሙሉውን ሞልተው መልሰው ያስነብቡት።

ያገለገለ አይዲኢ ሃርድ ዲስክ

ጥቅሙ ምንም መቀየሪያ አለመፈለጉ ነው። ጉዳቱ ግን ዕድሜው ከሚተካው ዲስክ ጋር እኩያ መሆኑ ነው፤ አዲስ የተለጠፈ ወረቀት ዲስኩን አያድሰውም። ሻጩን ስማርቱን እዚያው እንዲያሳይ ይጠይቁት፤ 9 የሚለው ቁጥር የሠራበትን ሰዓት ይነግራል።

ለወሎ ደጋ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሃርድ ዲስክ ማንበቢያ ራስ ሳህኑን አይነካም፤ ሳህኑ ሲሽከረከር በሚፈጥረው ስስ የአየር ትራስ ላይ፣ ከማይክሮን በታች በሆነ ክፍተት ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ክፍተቱ ይጠባል። አምራቾች ለአብዛኛው ዲስክ የሚፈቅዱት ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነች ከወሰኑ ውስጥ ናት፤ ከ3,000 በላይ በሆነ ቀበሌ ላለ ትምህርት ቤት ግን ያረጀና የላላ ዲስክ መስጠት ተገቢ አይደለም። ቆላው፣ ባቲና ቆቦ፣ በበኩሉ በሙቀቱና በአቧራው ያስቸግራል። ኤስኤስዲና ካርድ የሚንሳፈፍ ራስ ስለሌላቸው ከፍታው አይመለከታቸውም።

ውሂቡን ማሻገር

አብሽሩ፤ ዲስኩ ገና የሚነበብ ከሆነ ብዙ ሰነድ ሊወጣ ይችላል። ግን ቼክ ዲስክም ሆነ ዲፍራግ በታመመው ዲስክ ላይ አይካሄድ። ሁለቱም ጭንቅ ላይ ያለውን ራስ ያስሮጡታል።

ሁለቱንም ዲስኮች ከሌላ ጤነኛ ማሽን ጋር ያገናኙና ከሊነክስ ፍላሽ ያስነሱ። የታመመውን ከተቻለ በቀጥታ በአይዲኢ መስመር ይስኩት፤ የዩኤስቢ መቀየሪያ መጥፎ ሴክተር ሲያገኝ ይደርቃል። የሚገለብጠው ፕሮግራም ዲዲሬስኪው ነው። መጀመሪያ ምንጩ፣ ቀጥሎ መድረሻው፣ በሦስተኛ ደረጃ የካርታ ፋይሉ ይጻፋል። ምንጩና መድረሻው ከተገለባበጡ ባዶው ዲስክ በሰነዱ ላይ ይጻፋል፤ በመጠናቸውና በመለያ ቁጥራቸው ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ። የመጀመሪያው ዙር በሰረዝ ኤፍና በሰረዝ ኤን ይሁን፤ ጤነኛውን ክፍል ፈጥኖ ሰብስቦ አስቸጋሪውን ያልፈዋል። ሁለተኛው ዙር ያለ ሰረዝ ኤን፣ በሰረዝ ኤፍ፣ በሰረዝ ዲና በሰረዝ አር 3፣ የቀረውን ሦስት ጊዜ ይሞክራል።

የካርታ ፋይሉን በሌላ ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። መብራት መሃል ላይ ቢሄድ ያንኑ ትእዛዝ ሲደግሙ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ካርታው ከሌለ ከዜሮ ነው። ጤነኛ 40 ጊጋባይት በሰከንድ 30 ሜጋባይት ቢነበብ 22 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል፤ የታመመ ግን ሌሊቱን ሊያድር ይችላል።

አሮጌው 160 ጊጋባይት ሆኖ አዲሱ 120 ከሆነ በቀጥታ አይገለበጥም። ወደ ሰፊ ዲስክ አድነው፣ ኮፒውን ጂፓርትድ በሚባለው የክፍልፋይ ማስተካከያ አጥብበው ነው ወደ ኤስኤስዲው የሚያሻግሩት። የኤክስፒ ክፍልፋይ ከ63ኛው ሴክተር ስለሚጀምር ከኤስኤስዲ ገጾች ጋር አይገጥምም። አዲስ ከጫኑ አስቀድመው በጂፓርትድ ከ1 ሜጋባይት እንዲጀምር አድርገው ይክፈሉት። ኮፒ ከሆነና ደህና ከተነሳ ለጽሕፈት ሥራ ባይነካ እንመርጣለን፤ በአይዲኢ መስመር ላይ ልዩነቱ በዓይን አይታይም።

ማሽኑ ከተነሳ በኋላ ቼክ ዲስክን በኮፒው ላይ ያካሂዱ፣ ፓወር ግዕዝና ፒችትሪን ከፍተው የቆዩ ፋይሎችን ይሞክሩ። ከዚያ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የመጀመሪያውን የአይዲኢ መስመር ይክፈቱ። አልትራ ዲኤምኤ ሞድ 5 ካለ ተሳክቷል። ፒአይኦ ካለ ኤክስፒ ስድስት ጊዜ ስህተት ቆጥሮ ራሱን አውርዷል ማለት ነው፤ ኬብሉን ይቀይሩ፣ መስመሩን አንኢንስቶል አድርገው ማሽኑን እንደገና ያስነሱ፤ ዊንዶውስ ራሱ መልሶ ይጭነዋል። አሮጌውን ዲስክ ሳይፎርማቱ ቀኑን ጽፈው ለጥቂት ወራት ያቆዩት፤ የአዲሱንም ሙሉ ኢሜጅ በክሎንዚላ በውጭ ዲስክ ላይ ይያዙ።